ቀይ ላይ የቆመው መርፌ

ውድ አባዬ፣

መርፌው እውነትም ይዘላል። ዛሬ ጠዋት ገና ቁልፉን ሳዞረው የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ወጥቶ ቀዩ ላይ ቁጭ አለ። ቆማ ያደረች መኪና! ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን በእጄ ብነካው በረዶ ነው። ግራ ገባኝ።

አንተ መንገድ መሃል ቆመህ፣ ከኋላህ ክላክስ እየጮኸ፣ "ፈላች!" ስትል፣ መካኒክ የተባለ ሁሉ ደግሞ ምንም የለባትም ሲል፣ እኔና ወንድሜ ጃጀ አልን። ቁልፉን ወሰድንብህ። አንተ እሱ ጋ፣ መኪናዋ እኔ ጋ ሆናችሁ። "ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?" ስትለን ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

የዛሬው መካኒክ ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር ሶኬት ነቀለ፤ መርፌው ዱብ አለ። መልሶ ሰካው፤ ወጣ። "ሽቦው ደህና ነው" አለና ሴንሰሩን ፈቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ በቴስተር ለካው።

"አየሽ እህቴ? ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ተቃጠልኩ ይላል።"

"ታዲያ ትናንት ለምን ደህና ነበር?"

"ችግሩ እሱ ነው። ሲያሻው እውነቱን ይናገራል። ሁሌ ቢዋሽማ ድሮ ይያዝ ነበር።"

አዲስ ተገጠመላት፤ መርፌው መሃል ላይ አደብ ገዝቶ ተቀምጧል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያንተን ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ባለፈው ወር በእግርህ ሄደህ የልጅነት ትምህርት ቤቴ በር ላይ ስትጠብቀኝ ዘበኛው ደውሎልኝ መጣሁ። ከተመረቅኩ ስንት ዘመኔ! "ዛሬስ ዘገየሽ" አልከኝ። በማግስቱ ደግሞ ደውለህ ዘይት የመቀየሪያዋን ቀን አስታወስከኝ፤ እኔ ረስቼው ነበር። የቱን ልመን፣ አባዬ?

"አንድ ሴንሰር ተበላሸ ብለሽ ቁልፍ ልትመልሺ ነው?" ብሎ ወንድሜ ተቆጣኝ። እሱም እውነቱን ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። መሪውን ለቅቄልህ አጠገብህ እቀመጥና "ወደ ቤታችን ንዳ" ብቻ እልሃለሁ። ቤት ካደረስከኝ ከእንግዲህ ቁልፍህን የሚነካ ከእኔ ጋር ይጣላል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካቆምካት ግን፣ ዞረህ መጥተህ በሩን ስትከፍትልኝ ምን እንደምልህ አላውቅም።

ሆደ ባሻዋ ልጅህ