ያላለቀው የአቶ ሙሉጌታ ቤት

ለተከበሩ የቤት ደረጃና ግምት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የማያልቀው ስብሰባዎ እንዴት ነው? እኔ ታቦር ተራራ ሥር፣ ሃያ ሁለት ዓመት በኖርኩባት ጭቃ ቤቴ፣ ክብር ለጌታ ይሁንና ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ የለም።

አንደኛ፣ ባለሙያዎችዎ ቤቴን አንደኛ ደረጃ ስላሏት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመጡበት ባጃጅ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ ከአጥር ውጭ ቆመው አይተው ሄዱ። ያዩት ልጄ ሊዲያ ስትዳር ሽማግሌ ፊት እንዳናፍር ብለን በሲሚንቶ ያስለሰንነውን የፊቱን ግድግዳ ነው። ቢገቡ የቀሩት ሦስቱ ጭቃና ጭድ መሆናቸውን ያዩ ነበር፤ ግን ይህን ያህል እንዲደክሙ ማን ይፈልጋል?

ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ አቶ ሙሉጌታ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አላቸው፤ መጋረጃው ከእኔ የክት ቀሚስ ይበልጣል። ሁለት ልጆች ድረውበታል። በእርስዎ መዝገብ ግን «በግንባታ ላይ» ነው አሉ፣ ግብሩም እንደዚያው ቀላል፤ ጣሪያው ላይ አራት ፌሮ ቆመዋላ! ስምንት ክረምት አልፎባቸው ዝገዋል። ቅናት ኃጢአት ነው ይላሉ ፓስተራችን። በመጋረጃው ቀንቼ ንስሐ ገብቼ ነበር፤ በፌሮው የቀናሁት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሦስተኛ፣ ይህ ደረጃ ከጸና ግብሩን ለመክፈል ደህናዋን የፊተኛ ክፍል ማከራየቴ ነው። እዚያ የተኙት ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ዓመት የሆናቸው አማቴ ናቸው። ወደ ኋላ ክፍል ላዛውርዎ ብላቸው፣ ዝናብ የሚያስገባው አንደኛ ደረጃ የትኛው አገር ነው ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ከእርስዎ አመጣለሁ ብያቸዋለሁ፤ እባክዎ አያሳፍሩኝ።

እስከዚያው እኔም እንደ ሕጉ ልሁን ብዬ ሁለት ፌሮ ገዝቼ ከቆርቆሮዬ በላይ አቁሜአለሁ። የገዛሁትም ከራሳቸው ከአቶ ሙሉጌታ ሱቅ ነው። ምን ልትሠሪበት ነው ሲሉኝ፣ እንደ እርስዎ ላልጨርስበት ነው አልኳቸው። አልሳቁም። ባለሙያዎችዎ ተመልሰው ይዩልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በሩን ከፍቼ፣ አማቴ ዘንድ ወንበር አዘጋጅቼ እጠብቃቸዋለሁ።

በድካምዎ የምትኮራ፣ በፌሮ የምትቀና፣
አማረች ዳንጊሶ

ማስታወሻ፦ እሑድ ከአምልኮ ስመለስ በሐይቅ ዳር በኩል ሳልፍ የእርስዎን ቤት አሳዩኝ። ሲያምር! አናቱ ላይ ስድስት ፌሮ ቆጠርኩ። እግዚአብሔር ያስፈጽምዎ።