የጴንጤ ሜዳ አቋራጭ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሱቅ ሳልከፍት እንቁላል ላመጣ 18 ማዞሪያ ወረድኩ። እንደ ሁልጊዜው በጴንጤ ሜዳ አቋርጬ። በአስፋልቱ መዞርን ጉልበቴ አይችለውም። መሀሉ ላይ ችካል ተተክሏል፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ። ቀሚሴን ያዘኝና ልወድቅ ነበር። ማን ተከለው? የኳስ ልጆች ይሆናሉ ብዬ አለፍኩ… ጎል በቀይ ይቀባል እንዴ?

ሁለት እንቁላል ተሰበረብኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ችካሎቹ በዝተዋል። ለባለቤቴ ለዱባለ ነገርኩት። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ውሎው ከሬዲዮኑ ጋር ነው። "ሰምቻለሁ" አለ። ከመቼ ጀምሮ? "ከእሁድ።" እና ዝም ብሎኝ ከረመ። ይሄ ሰውዬ እንደ መንጋጋ ጥርስ ካልነቀሉት ነገር አይወጣውም።

አፓርታማ ሊሠራበት ነው አሉ። ካርታው ላይ "ባዶ መሬት" ይላል። ባዶ…

የኛ ሰዎች ናቸው እዚያ ያሉት። በደርግ ጊዜ ጴንጤ ሲሞት የሚቀበርበት ቦታ አልነበረውም። የጋዲሳ አባት የሚባሉ ገበሬ፣ እሳቸው እንኳ የኛ እምነት ሰው አልነበሩም፣ "ለሞተ ሰው መሬት ይነፈጋል እንዴ" ብለው ከእርሻቸው ዳር ሰጡን። በቃል። እዚያ ቀበርን። ጎህ ሳይቀድ፣ ድምፅ ሳናሰማ። ድንጋይ አላቆምንም፣ ፎቶ የለ፣ አጥር የለ። በኋላ ነፃነት መጣ፣ ያኔም አላቆምንም። ዱባለ ራሱ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሆኖ መድረክ ላይ "እዚህ የሉም፣ ጌታ ጋ ናቸው። አፈር ሐውልት ምን ያደርግለታል?" ይል ነበር። አሜን ብለናል። እኔም ብያለሁ።

የኔ ሆሳዕናም እዚያ ናት። ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ኩፍኝ ነው የወሰዳት። ስትቀበር አራስ ነበርኩ፣ ከቤት አልወጣሁም። የቱ ጋ እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ እምነት የጎደለኝ ይመስል ነበራ። ይኸው እንቁላል ተሸክሜ በላይዋ ስመላለስ አረጀሁ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ወረዳ ሄድን። እኔ፣ ዱባለና ጎረቤቴ ዘመነች። የዘመነች እናትም እዚያው ሜዳ ናቸው። የአልሚው፣ የአፓርታማው ድርጅት፣ ሰው መዝገቡ የሚባል ልጅ ነው። ትሁት። ገና ስንገባ ከወንበሩ ተነሳልን። ትህትናው ነው ያስፈራኝ።

"እማማ፣ መቃብር ከሆነ እኛም አንነካም። ሕግ አለ። ግን መቃብሩ የታለ?"

"ሜዳው በሙሉ" አለች ዘመነች።

"ሜዳው በሙሉማ ማንም ይላል። አንድ ያሳዩኝ።"

የወረዳው ሰው አስረዳን። የሰው አፅም ከተገኘ ሥራው ይቆማል፣ ከቅርስ ቢሮ ባለሙያ ይመጣል፣ ቦታው ይጠናል። ካልተገኘ ሥራው ይቀጥላል። አፅሙ ደግሞ ሳይቆፈር አይታይም። ስንቆፍር የቱ ጋ ብለን?

ታክሲ ውስጥ ዱባለ በጆሮዬ "እኔ አንዱን አውቃለሁ" አለኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ምልክት አድርጎ ነበር። ሆሳዕናን በቀበሩ በሳምንቱ ብቻውን፣ በጨለማ ተመልሶ፣ ሜዳው ላይ ካለችው ወይራ ጀርባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከአፈሩ ሥር አጋደመባት። እንዳይታይ። ቅዳሜ ቅዳሜ "እግሬን ላፍታታ" ብሎ የሚወጣው ለካ እዚያ ነው። ወይራዋ ሥር ተቀምጦ ያወራት ነበር።

"ለኔ እንኳን አትነግረኝም?"

"ሕዝቡን ድንጋይ አታቁሙ ብዬ፣ እኔ አቁሜያለሁ ብዬ ልንገርሽ?"

ተናደድኩ። አለቀስኩ። እንደገና ተናደድኩና እራቱን ሳላሞቅ አቀረብኩለት። እንደቀዘቀዘ በላው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

መሬት የሚቆፍረው ኤክስካቫተር መጣ። ሜዳው መሀል ቆመ፣ ክንዱን መሬት ላይ ጥሎ። አልጀመረም። የኳስ ልጆች ግን ዛሬ አልመጡም። ማንም ሂዱ አላላቸውም።

የካቲት 16፣ እሁድ

ስብከቱ ስለ ትንሣኤ ነበር። ዱባለ አሜን አላለም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዘመነች ስለ ድንጋዩ ከዱባለ ሰምታ መጣች። ቁጭ አለች፣ ተነሳች።

"ያንቺ ትውጣና የኛዎቹ ይዳኑ ማለቴ አይደለም ሰብሌ…"

"ነው እንጂ።"

"…ነው።"

ደግ ነው፣ አልዋሸችኝም። ግን ልጅን ከተኛችበት እንዴት ይቀሰቅሷታል? ወይስ ዱባለ እንደሚለው እዚያ የለችም? ከሌለች ማሽኑን ለምን እፈራዋለሁ?

ከሰዓት መዝገቡ ወሬው ደርሶት ሱቅ ድረስ መጣ። ውሃ ገዛ፣ አልጠጣውም። አፅሙ ሲወጣ ድርጅቱ በክብር ያዛውራል አለ። የተዘጋጀ መካነ መቃብር፣ እብነ በረድ፣ ስሟ ተጽፎ። "እርስዎም ሄደው የሚያዩት ቦታ ይኖርዎታል እማማ።" ከኔ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። የልጄን ተረክቤያለሁ፣ ሌላ የማውቀው መቃብር የለም ብዬ።

ሌላ የለም… ከዚያ ሜዳው ለማሽኑ ነው። ዘመነች ይሄን ብትሰማ ምን ትላለች?

እብነ በረድ ላይ ስሟ። እግዜር ያውቃል፣ ፈለግሁት። ቀኑን ሙሉ ፈለግሁት።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ነገ ይቆፈር አልኩ። ስለ ፊርማው ግን ለማንም ምንም አላልኩም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዛሬን መጻፍ አልወደድኩም። ቢሆንም ልጻፈው።

ከቅርስ ቢሮ የመጣችው ርሆቦት ትባላለች፣ ወጣት ናት። ማሽኑን ከለከለች። በአካፋ፣ ቀጥሎ በመጥረጊያ፣ ቀስ እያሉ። ፖሊስም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ቆሟል። ዱባለ ወይራዋን በእጁ ዳሰሰና ዞሮ "እዚህ" አለ።

ድንጋዩ ወጣ። ጠፍጣፋ፣ እንዳለው። ዱባለ መሬት ተቀመጠ። "እሷ ናት" አለ።

ከዚያ አጥንቱ። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበርኩ። የጭኑ አጥንት ረጅም ነው። ርሆቦት መንጋጋውን በመጥረጊያ ስትጠርገው ጥርሶቹ ታዩኝ፣ ያረጁ፣ ከላይ የተበሉ። አንዱ ከጎን የለም።

የሆሳዕና የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር።

ርሆቦት ምንም አላወቀች። "ልጃችን" ስንላት ትልቅ ሰው መስሏታል። ዱባለ አይታየውም። መዝገቡ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘረጋልኝ። "እዚህ ጋ ነው እማማ።"

ያዝኩት። አልዋሽም፣ ያዝኩት። ማን ያውቅብኛል? ዱባለም ደስ ይለዋል፣ እኔም የምሄድበት ቦታ ይኖረኛል። ቀና ስል ዘመነች ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ታየኛለች። ምናልባት ያየሁት ጥርስ የእናቷ ነው።

"የኔ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር" አልኩ። "ይሄ ሌላ ሰው ነው።"

"ሰብሌ፣ ድንጋዩ…" አለ ዱባለ ከመሬት።

"ድንጋዩ ያንተ ነው። በጨለማ ተሳስተህ ነው ዱብዬ።"

ርሆቦት መጥረጊያውን አስቀመጠች። "ታዲያ ልጅዎ የት ናት?"

"አላውቅም።"

"ይህስ ማነው?"

"አላውቅም። ብዙ ነን።"

ከጉድጓዱ ወጣች። ከዚያ ለመዝገቡ "ሜዳው በሙሉ ሳይጠና ማንም እዚህ አይቆፍርም" አለችው። ፖሊሱ ጻፈ። መዝገቡ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለ፣ በትህትና። "ጥናቱ እስኪያልቅ ነው" አለ። "ያልቃል፣ ወይዘሮ ሰብሌ።" እማማ አላለኝም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ዱባለ ዛሬ እግሩን ሊያፍታታ አልወጣም። ከአልጋው አልተነሳም። "ይሄን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ነበር የማወራው?" አለኝ። "ማንም ይሁን፣ ሰው አጫውተሃል" አልኩት። ሾርባውን አሙቄ ሰጠሁት።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ማሽኑ አልሄደም። ርሆቦት ያሰረችው ገመድ ከሜዳው ታች ባለው ወንዝ በኩል ተቆርጦ ተገኘ። ዘመነች ቋጠረችው። በነጋታው ደግሞ ሌላ ቦታ ተቆረጠ። የማሽኑን ዘበኛ "ማነው?" ብለው "ከብት ነው" አለኝ። እዚህ ሰፈር ከብት ካየሁ ስንት ዓመቴ።

ርሆቦት ጋ ደወልኩ። አነሳች። ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ አለቆቼን እየጠበቅኩ ነው አለች። ድምፅዋ ደክሟል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

እንቁላል አልቆ 18 ማዞሪያ ልወርድ ወጣሁ። ሜዳው አፍ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። የት እንዳለች ባውቅ እሷን ብቻ እዞራት ነበር። ስለማላውቅ ግን አሁን የትም ናት። ወይራዋ ሥርም፣ ማሽኑ ሥርም፣ አቋራጩ ላይም። በአስፋልቱ ዞርኩ። ጉልበቴን እየረገምኩ፣ እያረፍኩ።

ስመለስ የማሽኑ ሞተር ተነስቷል። ክንዱ ከመሬት ከፍ ብሏል። ዘበኛው "ለሙከራ ነው፣ ባትሪው እንዳይሞት" አለኝ። ቆሜ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ቆየ።

ማታ ሴቶቹ ዘመነች ቤት ተሰበሰብን። ተራ አወጣን፣ ከነገ ጀምሮ ሜዳው ዳር ሰው አይጠፋም። የጠዋቱ የኔ ነው። ሱቁን ዱባለ ይከፍታል፣ ሒሳቡን በዳሰሳ ይወቀው።

እንቁላሉ አንድም አልተሰበረም።