ኩሬው የደረቀበት በጋ

ጥር 8

ቀኑን ሙሉ ሸምበቆ ስናጭድ ዋልን። መዳፌ ተልጧል። ጓንት ሰጥተውናል፣ ግን እርጥብ ሸምበቆ በጓንት አይያዝም፤ ያዳልጣል። ዘበኛው አጥሩን ተደግፎ፣ «ለቤትሽ እንዲህ ብትለፊ ኖሮ ፎቅ ትሠሪ ነበር» አለኝ። ሣቅ ብዬ አለፍኩት።

የአውራጃው ጥብቅ ስፍራ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። አንድ ኩሬ፣ ዙሪያውን ረግረግ፣ ከኋላ ቁጥቋጦ፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ቤት። በቃ። ግን አውራ ጣት የማታክለዋ እንቁራሪት በዚህ አካባቢ የቀረችው እዚህ ብቻ ነው አለችን ባለሙያዋ። ከአውራጃው የተላከች፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። መጽሐፍ አውሳኛለች። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ፣ በራሴ፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው... ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው።

ስገባ አማቴ የዳቦ ቅርፊት በመሐረብ ቋጥረው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ተገናኘን።

«ወዴት ነው እማማ?»

«የልጄን ዓሦች ላበላ ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

ሌላ ማን አላቸው... እኔ በሩ ላይ ቆሜ።

ጥር 15

ባለሙያዋ ሰብስባ ነገረችን። እንቁራሪቶቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ ግን አንድም ጭራ ያወጣ ልጅ አላገኘችም። እንቁላሉን ዓሦቹ ይጨርሱታል። ኩሬው ከጥንት ዓሣ አልነበረውም። ስለዚህ በፓምፕ ይመጠጣል፣ ጭቃው እስኪሰነጠቅ ፀሐይ ይመታዋል፣ ዓሦቹ ያልቃሉ። «አንዲት እርጉዝ ዓሣ ከቀረች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው» አለች።

«ማን ይሆን የጨመራቸው?» አለ ዘበኛው።

ማጭዴን አነሣሁ። ባለቤቴ ነው። ሊሞት ዓመት ሲቀረው። ባልዲውን በአንድ ወገን እሱ፣ በአንድ ወገን እኔ ይዘን። ሲዋኙ አይቶ እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ደግ ሥራ መስሎን ነበር።

ለማንም እንዳትናገሩ አለች ባለሙያዋ። ሌላ ቦታ ወሬው ወጥቶ ሰዉ ባልዲ ይዞ መጣ፣ አዘነላቸው፣ አተረፋቸው። ውሃው ሲመለስ እነሱም ተመለሱ።

ጥር 16

አማቴን ምን ልበላቸው?

ጥር 21

ማታ ሾርባ ሠራሁ። አማቴ አንዴ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ይኼን ነበር ልጄን ስታበይው የኖርሽው?»

«ልጨምርበት ጨው?»

«ለሱ ጨምሪለት። አሁን ጊዜ አለሽ፣ መጽሐፍ ታገላብጪያለሽ። ያኔ እኔን ለመጥራት ነበር እግርሽ የከበደው።»

ይህን ሳይሉ የሚያልፉት ቀን ጥቂት ነው። ሐሰት ቢሆን እችለው ነበር... ባለቤቴ በሞተበት ሌሊት፣ እናቴን ጥሪልኝ ነበር ያለኝ። ይንጋና እጠራቸዋለሁ አልኩት። ብርድ ነበር፣ ከኛ እስከ እሳቸው ቤት ያለው መንገድም ጨለማ። ለኔ ነጋ።

በመጨረሻ ሾርባውን ጠጡት። ሁሌም ይጠጡታል።

የካቲት 2

ነገርኳቸው። ባለሙያዋን ከዳኋት ማለት ነው? ግን ዳቦአቸውን ይዘው ሄደው ደረቅ ጭቃ ሲያዩ... አልቻልኩም። ሁለተኛ ጊዜ አልችልም።

ልብስ እያጣጠፉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«አንቺም ትሠሪያለሽ?»

«እሠራለሁ እማማ።»

ሸሚዙን እንደገና ዘረጉት፣ እንደገና አጣጠፉት። «ዘንድሮስ ጠራሽኝ» አሉ።

ለማንም እንደማይናገሩ በልጃቸው ስም ማሉልኝ።

የካቲት 4

ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ዋለ። ውሃው ሲወርድ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያለው ጭቃ ታየ፣ ከዚያ አሮጌ ጎማ፣ ከዚያ ጀርባቸው። መሐል ላይ ተጠራቀሙ። የፈላ ድስት ይመስል ነበር።

አማቴ በርጩማቸውንና ፔርሙዛቸውን ይዘው መጡ። ባለሙያዋ ገላመጠችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ዘበኛው፣ «እማማ፣ ዘይትና ሎሚ ይዘው ቢመጡ ይሻል ነበር» ብሎ ሣቀ። ዞረው ሲያዩት ሣቁን ዋጠ።

ትልልቆቹ ቶሎ አይሞቱም። በመረብ እያወጣን በማዳበሪያ ከረጢት ከተትናቸው። ከረጢቱ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ ጀርባዬ ላይ። ወፎች ወረዱ። የዓሦቹን ዓይን ነው የሚያስቀድሙት።

አማቴ አላለቀሱም። ለሁላችንም ሻይ ቀዱ፣ ለኔም ጭምር። ምን ነካቸው? ፔርሙዙ ባዶ ሲሆን ጭቃው ድረስ ወርደው ጎንበስ አሉ። ልጃቸውን እየተሰናበቱ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ባለሙያዋም አዞረች።

የካቲት 5

ሽታው ከፀጉሬ አልለቅ አለ።

መጋቢት 19

ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ እግሬ ይገባል። ባለሙያዋ ደስ ብሏታል፤ ስለ አማቴ መምጣት አንዴ ተቆጥታኝ ተወችው።

ቤት ውስጥ ሰላም ነው። ከመጠን በላይ። ልብስ የማጠቡን ሥራ ተቀብለውኛል። «አንቺ ደክሞሻል፣ ውሃውንም እኔው እቀዳለሁ» ይሉኛል። ያ ሁሉ ቂም ከዓሦቹ ጋር ሞተ ይሆን? ለማመን ፈራሁ፣ ግን ለመድኩት። ዛሬ አብረን ሣቅን እኮ!

ግንቦት 27

ዘነበ። ዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበትን በርሜል ልከፍት ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቆርቆሮ ተከድኖበታል፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። አነሣሁት።

ዓሦች። ትልልቅ ጥቂት፣ ልጆቻቸው ግን እንደ ሩዝ።

ፔርሙዙ! ሻዩን ለኛ አጠጥተው...

ከኋላዬ ቆመዋል። «እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጆቼ ናቸው። አንቺ ያልሰጠሽኝን።»

ግንቦት 28

ለመንኳቸው። እዚሁ በርሜሉ ውስጥ ይኑሩ፣ እኔ እመግባቸዋለሁ አልኩ።

«አንቺ በርሜል ውስጥ ትኖሪያለሽ? ኩሬው ይሙላ። ቤታቸው ይገባሉ።»

«በልጅዎ ስም ምለውልኝ ነበር።»

«እንዳልናገር ነው የማልኩት። ለማን ተናገርኩ? አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ዓሣ ገዳይ! ስንት ቀን በር ላይ ትቆሚያለሽ? ሥራ መሄድሽ አይቀር። እኔም እግር አለኝ።»

ለባለሙያዋ ልንገራት? ፖሊስ ይዛ ብትመጣስ? አሮጊት ሴት ላይ... አይ።

ሰኔ 6

ኩሬው ጉልበት ድረስ ሞልቷል። አመሻሽ ላይ ከሸምበቆው ሥር ድምፅ ሰማሁ። ጠጠርና ጠጠር ሲጋጭ ይመስላል። አንዷ ጠራች፣ ሌላዋ መለሰች። ዘበኛው እንኳን ቀልዱን ትቶ ቆመ።

ቤት ስደርስ ባልዲው በርሜሉ አጠገብ ተቀምጧል፣ ጫማቸውም ተወልውሎ በር ላይ። ነገ ጠዋት ሊወስዷቸው ነው ማለት ነው።

ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ በርሜሉን ገፋሁት። ከባድ ነበር። በትከሻዬ ደገምኩት።

ሲወድቅ ሰምተው ወጡ። ጓሮው ሁሉ ይዘላል፣ ያብረቀርቃል። ተንበርክከው በእጃቸው ይለቅሙ ጀመር፣ ወደ ባልዲው። እጃቸውን ያዝኩ። «ልቀቂኝ» አሉ። ነከሱኝ። አልለቀቅሁም። አንጓቸው ቀጭን ነው፣ ሁለቱንም በአንድ እጄ መያዝ ይቻላል። እስኪያበቃ ያዝኳቸው። ቶሎ አያበቃም። ትንንሾቹ እንኳን...

«ልጄንም እንዲህ ይዘሽው ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

እጃቸውን ለቀቅሁ።

ሰኔ 7

«እጅሽን ምን ሆንሽ?» አለች ባለሙያዋ።

«ቁጥቋጦው ነው።»

ሐምሌ 3

እንቁላል! ሸምበቆው ሥር፣ እንደ ጄሊ ተያይዞ፣ ውስጡ ጥቁር ነጥብ። አንዳንዱ ነጥብ ጭራ አውጥቶ ይወራጫል። ባለሙያዋ ከነጭቃዋ አቀፈችኝ። ዘበኛው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሣቁ። እኔም።

በሚቀጥለው በጋ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ኩሬ እንጀምራለን ብላለች። እዚያም ዓሣ አለ። ሰፈሩን ማስረዳት የሚችል ሰው ያስፈልገናል ስትል ወደ እኔ አየች። እሺ አልኩ።

ሐምሌ 11

ድምፃቸው አሁን እቤት ድረስ ይሰማል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራሉ።

አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰድቡኝም። ጠረጴዛ ላይ የቀረበላቸውን ይበላሉ። ዛሬ መስኮቱን ልክፈተው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንደፈቀድሽ» አሉ። ቤቱ የሳቸው ነው፣ መስኮቱም። ትናንት ደግሞ እስከ ጎረቤት ደርሰው ይመለሱ እንደሆን አስፈቀዱኝ። ሰው ፊት።

እራት ላይ ዳቦ ላነሣ በፊታቸው እጄን አሳለፍኩ። ሁለት እጃቸውን ፈጥነው ከሻርፑ ሥር ሸሸጉ። አንጓቸው ላይ የነበረው ጥቁረት ወር አልፎትም ገና ቢጫ ነው።

ዳቦ ነበር የፈለግሁት። አይዞዎት ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ፣ እኔ አየኋቸው... ደስ አለኝ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ።

አይዞዎት አላልኩም። ሾርባዬን ጨረስኩ።