«ትርፍ» ተብሎ ስለወጣው የባለቤቴ ድምፅ

ለተከበሩ አቶ ታመነ
የ«ቅልጥፍና» የኮምፒውተር ድጋፍ ማዕከል ኃላፊ
ሱሉልታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በማዕከሉ በር ላይ ለተሰቀለው ትልቅ ማስታወቂያ ጤንነትን እመኛለሁ፤ የሱሉልታም ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው እጸልያለሁ። የእኔን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ኮምፒውተሬ እጅግ ደኅና ነው። ቀድሞ ቁልፉን ተጭኜ ሽሮ ጥጄ እስክመለስ አይከፈትም ነበር፤ አሁን መነጽሬን ሳላደርግ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ውለታ በጓዳ ማመስገን ስለማይበቃ ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌዋለሁ።

እኔ ውብአየሁ እባላለሁ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ባለቤቴ ወንዳፍራሽ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ፣ በገበያ ቀን እስከ ጫንጮ፣ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ አምና በጥቅምት ዐርፏል። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ የጉሮሮው እጢ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ድምፁም አብሮ እንደሚሄድ ሐኪሞቹ ነግረውት ነበር። እርሱም ለቀዶ ጥገናው በቀሩት ሦስት ሳምንታት የልጃችንን የናዝራዊትን ማዳመጫ ራሱ ላይ አጥልቆ፣ በሩን ዘግቶ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ድምፁን ሲቀዳ ሰነበተ። አርባ አንድ ቅጂ ነው። ስለ ጣራው ማፍሰስ፣ ማን ማንን እንዳስታረቀ፣ እኔ ስቆጣ ምን እንደምመስል፣ ያልተናገረው ነገር የለም። አርባውን ሰምቻለሁ። አርባ አንደኛውን ለናዝራዊት የሠርግ ቀን ብሎ ስላስቀመጠው ግን ማንም አልሰማውም።

ምስጋናዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። «ትርፍ ይውጣ፣ ፍጥነት ይግባ» ይላል፤ አገልግሎቱም ለጡረተኞች በነፃ ነው። ኮምፒውተሩ ከማርጀቱ የተነሣ የወንዳፍራሽን ድምፅ እየቆራረጠብኝ ነበር። «ውቤ» ሊለኝ ይጀምርና «ው» ላይ ይቆማል፤ «ቤ» እስኪመጣ ድረስ እኔ አልቅሼ እጨርሳለሁ። የልጄ ሠርግ ሲቃረብ፣ ለእርሷ ያለው ቃል በሰው ፊት እንዳይንተባተብ ሰጋሁ። ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ እርስዎ ያመጣሁት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ኢንተርኔት አልጠቀምም፤ ጨዋታም አልጫወትም።

፪ኛ. ባለቤቴ እነዚያን ቅጂዎች ያኖረበትን ፎልደር «ትርፍ» ብሎ ሰይሞታል። እርስዎ በራስዎ መኪና ስለሚሄዱ ምናልባት አያውቁት ይሆናል እንጂ፣ በታክሲ ቋንቋ ትርፍ ማለት ከወንበሩ በላይ የተጫነ፣ ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ወንዳፍራሽ ደግሞ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ትቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ጠጋ ጠጋ አስደርጎ ይጭናል፣ ይቀጣል፣ በማግስቱም ይጭናል። ለእነዚያ ቅጂዎች ይህን ስም ለምን እንደሰጣቸው ስጠይቀው፣ «ወንበሩ እንዳለቀ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፣ እግዜር ግን ጠጋ ጠጋ አስደርጎ ጫነኝ» አለኝ።

፫ኛ. ባለሙያዎ ወይዘሪት መኪያ ሥራዋን አክባሪ ናት። ሳትጠይቀኝ አንዲት ነገር አልነካችም። በማግስቱ ስልክ ደውላ፣ ሰላምታዋን አሟልታ፣ «እትዬ፣ ትርፍ የሚለውን ላውጣው?» አለችኝ። እኔም ከብልሽቱ ነጥላ ለብቻው በደኅና ልታወጣልኝ መስሎኝ፣ «አውጪልኝ የኔ ልጅ፣ አደራሽን» አልኳት። እርሷ የእርስዎን ማስታወቂያ ስታነብ የምትውል ልጅ ናት፤ በማዕከልዎ ማውጣት ማለት ምን እንደሆነ የምታውቀው ከዚያ ነው። አወጣችው፤ ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥባ ሌላ ዊንዶውስ ጫነችበት። ነገሩ የገባት ቀን ቤቴ መጥታ ከእኔ ብሳ አልቅሳለች። እባክዎን እርሷን እንዳይቀጡ፤ ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ሌሊትም ቀንም የሚበላኝ ይኸው ነው፤ ባሌን በገዛ አፌ አስወጣሁት።

፬ኛ. ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የፈረምኩበትን ቅጽ አውጥተው፣ ለሚጠፋ ፋይል ማዕከሉ ኃላፊ አለመሆኑን በጣትዎ እያሳዩ አነበቡልኝ። ጠቃሚ ነገር በሦስት ቦታ መቀመጥ እንዳለበትም መከሩኝ። ምክርዎ ትክክል ነው፤ እኔ ባል የያዝኩት አንድ ብቻ ነበር። ይሁንና እኔ በሠራሁበት መዝገብ ቤት የአንዲት የሞተች ላም የካሳ ፋይል እንኳ ለማስወገድ አምስት ሰው ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፋይሉም ተገልጦ ይነበባል። በእርስዎ ዘንድ ሥራው እንደሚፋጠን ስላየሁ ጊዜዬን በከንቱ እንደፈጀሁ ተረድቻለሁ። ሪፖርትዎ ላይ በሳምንቱ መቶ አርባ ኮምፒውተር እንደተፋጠነ ማንበቤም አስደስቶኛል፤ የእኔም ከመቶ አርባው አንዱ ነው።

፭ኛ. እጅ አልሰጥ ብዬ፣ አዲስ አበባ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ሰልማን የሚባል ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። አምስት ቀን ለፋ። አርባው ቅጂ ድራሹ ጠፍቷል። ከአርባ አንደኛው ግን አራት ሰከንድ ተገኘች፤ የሠርጉ መሆኗን ከፋይሉ ስም ለየነው። ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያንን የታመመ ጉሮሮ ሁለት ጊዜ ይጠርግና ትንፋሽ ይስባል፤ ሊናገር ሲል ያበቃል። ሰልማን ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ ቀስ ብሎ አነሣልኝ፤ እኔ ይቀጥላል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር።

በመጨረሻም የማዕከልዎ ሥራ እንዲቃና፣ የእርስዎም ስም ከወንበርዎ ሳይለይ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ለጊዜዎ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ።

በፈጣን ኮምፒውተር ፊት ሥራ ፈትታ የምትውለው ተገልጋይዎ፣
ውብአየሁ አስረስ

ግልባጭ፦
ለልጄ ለናዝራዊት ወንዳፍራሽ፤ ፊት ለፊት መንገር አቅቶኝ ወር ሙሉ ስለሸሸኋት፣ እዚህ እንድታነበው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠርጉ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን ነው፤ እርስዎም ተጠርተዋል። ከምሳ በኋላ እንግዳው ዝም እንዲል ይደረግና አራቷ ሰከንድ በድምፅ ማጉያ ትከፈታለች። ባለቤቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ትንፋሽ ይስባል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ እባክዎን ተነሥተው ለልጄ ምን ሊላት እንደነበር ይንገሩልን።