ጋሽ ተጠንቀቁ

እታለም፣ ሰላምታዬን ሳላደርስ ወሬ ስላስቀደምኩ እንዳትቀየሚኝ፤ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ፊሽካ ነፋሁ። እዚህ ካምፕ ውሃ የሚገባ ልጅ ሁሉ ጥንድ አለው፤ ፊሽካ ሲነፋ የጥንዱን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል። ሁሉም አነሱ። አንዲት ጥርሰ ወላቃ ግን ብቻዋን እጇን አንስታ ቆመች። ጥንዷ የለችም!

ቆይ፣ እመለስበታለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? አባታችን ጋሼስ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጄስ ትበላለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ፀሐዩ ከማጥቆሩ በቀር ምንም አልሆንኩ።

የመጣሁት አውቶብስ ልነዳ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሰው ሲጎድል፣ ዋና እችላለሁ ስላልኩ ሐይቁ ዳር ጠባቂ አደረጉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ጠፋ ብዬ እየጮህኩ ከነጫማዬ፣ ከነስልኬ ዘልዬ ገባሁ። ልጁ ለካ ሽንት ቤት ነው! የቀሩት በእኔ ጩኸት ደንግጠው ተላቀሱ፤ ስልኬም በዚያው ቀረ፤ በወረቀት የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። አንደኛ አትሩጡ፣ ሁለተኛ ባዶ እግራችሁን ዳር ዳሩን አትሂዱ፣ ሦስተኛ አትገፋፉ ሳልል ውሃ ስለማላስገባቸው ስሜን «ጋሽ ተጠንቀቁ» አሉት።

የካምፑ አስተባባሪ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። ያን ቀን ፎጣ አቀበለችኝና፣ «ጋሼ፣ ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለችኝ። ሳቅሁባት። ግን አልተወችኝም፤ ሌሎቹን ከውሃ ማውጣት፣ ከዚያ በርከክ ብሎ ጥንዱን መጠየቅ፣ ይህንኑ ደጋግማ እንደ ተማሪ አለማመደችኝ።

ዛሬ ጠዋት እንዳስተማረችኝ አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ከውሃ አወጣሁና ጥርሰ ወላቃዋ ፊት በርከክ ብዬ፣ «የኔ እመቤት፣ ጓደኛሽን መጨረሻ የት አየሻት?» አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችና፣ «አይቆጧትም?» አለች። አልቆጣም ስላት፣ «ከጀልባዎቹ ጀርባ ናት፤ ጫማ ሳታደርግ ሄዳ ምስማር ወጋት፤ እርስዎን ፈርታ ተደበቀች» አለችኝ።

እውነትም ቁጭ ብላለች፤ እግሯ ይደማል፤ ለቅሶዋ እንዳይሰማ ፎጣዋን ነክሳለች። ነርሷ አጥባ አሰረችላት፣ መርፌም ወጋቻት፤ አሁን ደህና ናት።

እታለም፣ ምስማሩ ሳይሆን ያ የነከሰችው ፎጣ ነው ያስጨነቀኝ። እኔ እንዳይጎዱ ብዬ የምጮኸው፣ ለካ ሲጎዱ እንዳይነግሩኝ እያደረግሁ ኖሯል። ልጄ ትምህርት ቤቷ ለታናናሾቹ በሚያዘጋጀው ካምፕ ረዳት ሆና መሄድ ስትፈልግ፣ ለእኔ አልነገረችም፤ በአንቺ በኩል ላከች። እኔም በዘበኛው ስልክ «አይሆንም፣ ወንዝ አለ፣ መንገዱ ገደል ነው» ብዬ ጆሮሽ ላይ ጮህኩ። ወንዙም ገደሉም ዛሬም አሉ፤ ጭንቀቱም አልለቀቀኝም። ግን ሄዳ እግሯን ብትወጋ የምትነግረው አባት ይኑራት። ትሂድ።

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪዋ ጠርታ፣ የውሃውን ክፍል በኃላፊነት እንድይዝ፣ ለሚመጣው ዓመት አዲሶቹን ጠባቂዎች እኔ እንዳሠለጥን ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ ድምፅ ነው።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ያ ቀልደኛ ልጅሽ ጢም አበቀለ አሉ፤ አይቼ ነው የማምነው በይው። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጄን ደግሞ አባትሽ ሁሉንም ነገር ሊሰማ ይፈልጋል፣ ደግ ደጉን ብቻ አይደለም በያት።

ወንድምሽ
ከካምፑ የሾፌሮች ክፍል፣ ሐምሌ 12 ቀን

ማስታወሻ፦ የመመዝገቢያዋን ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ልኬአለሁ። የመሳፈሪያዋ ብቻ አልተከፈለም፤ እሱን አንቺ ክፈይልኝ።