በሐዘን ያልመጣ ጢም

ሰኞ፣ ጥቅምት 15
አገጬ እሳት ሆኗል። ቅዳሜ በዶለዶመ ምላጭ፣ ሳሙና ሳልቀባ፣ ከታች ወደ ላይ ተላጭቼ ነበር። ዛሬ በየጢሙ ሥር ቀይ ቀይ እብጠት፤ አንዳንዱ መግል ይዟል። አንዱን ጨመቅሁት። ምነው ባልነካሁት!

አከራዬ እትዬ ጥሩዬ ደጅ አውጥተው አዩኝና፣ "አልማዝ ባለጭራ ነው። መርፌ እንዳትወጋ፣ ከተወጋህ አለቀልህ!" አሉኝ።

እሑድ ደግሞ ገበዝ ማርያም፣ አማቶቼ ዘንድ እሄዳለሁ። አብራኝ የምታስተምረው የእጮኛዬ የውብነሽ አባት ሽማግሌዎቹን፣ "ቃላችሁን ሰምቻለሁ፤ ልጁን ግን በዓይኔ ልየው" ብለዋቸዋል። በዚህ ፊት!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16
ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከጅጋ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ክሊኒክ ያየችኝ ጤና መኮንን አገጬን ወደ መስኮቱ አዞረችው። "አልማዝ ባለጭራ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚወጣ። ይሄ የፀጉር ሥር ብግነት ነው፤ ይድናል" አለችኝ። ተመስገን!

ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ አገጭ ላይ መያዝ። በሳሙና ቀስ ብሎ መታጠብ፣ የሰጠችኝን ቅባት መቀባት። አለመጨመቅ። ፎጣ ለብቻ። እስከዚህ ቀላል ነው። "እስኪድን ምላጭ እንዳይነካዎት" ስትለኝ ግን ክው አልሁ። እኛ አገር ጢሙን ያሳደገ ሰው የሞተበት ነው።

"እሑድ እኮ አማቶቼ ዘንድ ነኝ" አልኋት።

"እንግዲያው ጢምዎን ይዘው ይሂዱ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18
ከሰዓት የመምህራን ግምገማ ነበር። ስንወጣ የጂኦግራፊው መምህር እጄን ጨብጦ፣ "ነፍስ ይማር፤ ሳልሰማ ቀርቼ ነው" አለኝ። ማንም አልሞተብኝም ብዬ ብነግረው አላመነኝም።

ማቃጠሉ በርዷል። መግሉም ደርቋል። እትዬ ጥሩዬ ሐኪሟ ተሳስታለች ይላሉ፤ ውኃውን ግን ራሳቸው ያሞቁልኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20
አላስቻለኝም። አዲስ ምላጭ ገዝቼ መስታወት ፊት ቆምሁ። ውብነሽ ደርሳ ከእጄ ነጠቀችኝ።

"አባቴ ሰው እንጂ አገጭ አይመርጡም!"

ቀላል ነው ለሷ።

እሑድ፣ ጥቅምት 21
የውብነሽ አባት፣ መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ሰላምታ ሰጥቼ ሳልቀመጥ ትክ ብለው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነህ?"

ላብ አጠመቀኝ። "አይ የኔታ፣ ሽፍታ ነው" አልሁ፤ ፊቴ ላይ የወጣውን ማለቴ ነበር።

"ሽፍታ? ሽማግሌዎቹ መምህር ነው ብለውን!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ውብነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ጨርቁንም፣ ቅባቱንም፣ የምላጩንም ነገር። አዳመጡኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ሌላው ቢሆን ወይ ይደብቀው ወይ ይቀር ነበር። አንተ እንዳለህ መጣህ" አሉ። ቀጥለውም ለሽማግሌዎቹ፣ "ሰርጉ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይሁን" አሏቸው።

የበላሁትን አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 1
ድኛለሁ! ዛሬ ሳሙና በደንብ አረፋ አድርጌ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብዬ ተላጨሁ። ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረ። በእጄ ስዳስሰው ለስላሳ ነው፤ አያቃጥልም። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ውብነሽ በር ላይ አገኘችኝ።

"ምነው ተላጨኸው? ሲያምርብህ!"

አሁን ምን ይሻለኛል?