ፈረንጁ ያላለው ቃል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ገበያ ወጥቼ ተቃጥዬ ተመለስኩ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተዘዋዋሪው ሲኒማ መጥቶ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ፊልም ሲያሳይ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነህ ተብዬ በድምፅ ማጉያ የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ፈረንጁ ወታደር ሚስቱን ተሰናብቶ ሊሄድ ሲል ሕዝቡ የፈረሱን ማማር አይቶ በእልልታና በፉጨት ቀወጠው። ወታደሩ ከተናገረው አንዲትም ቃል አልሰማሁም። ዝም ማለት ደግሞ ውርደት ነው። ከራሴ አፍልቄ፣ «በሩን ገርበብ አድርጊልኝ፤ ብርዱ ሲገባ እኔ የመጣሁ ይምሰልሽ» አልኩ። ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ይኸው በሁለት ቀን አገሩ ሁሉ በአፉ ይዞታል። በርኖስ ሻጩ ይለዋል፣ ተማሪዎቼም ይሉታል። ያ የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ ጠጅ ቤት በር ላይ አስቁሞኝ፣ «አየህ የፈረንጅ አፍ! ሐበሻ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል?» አይለኝም! እኔ ነኝ ያልኩት ብል፣ ታዲያ የቀረውንም ከራስህ ነው የፈጠርከው ሊሉኝ ነው። ወደ ቤቴ አቀናሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጽጌ በሩን ከፍታ ቆማለች።

«የዚያ ወታደር ሚስት ታድላ!» አለች። «አንተ በስምንት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ያለ አንዲት ቃል ተናግረኸኝ ታውቃለህ?»

አልፌያት ገባሁ።

«በሩን ዝጊው እባክሽ፣ ብርድ ገባ» አልኳት።